ሳይፈለፈል ገንዳ የገባው ቡና

ሰው በሥራ ይደክማል ይባላል፤ እኔን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያደከመኝ ስለ ሥራው መናገሩ ነው። እናንተም ሳትቀምሱት አትቀሩም። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ሰው እግሩን ታጥቦ፣ ጎደሬውን በልቶ ይተኛል። ቀኑን ሙሉ ስለ ቆፋሪው ሲጽፍ የዋለው ግን ጎኑን ቢያሳርፍ እንኳ ሐሳቡ አያርፍለትም፤ ምን ጻፍኩ፣ ማን ፈረመበት፣ ነገ ማን ያነበዋል እያለ ሲገላበጥ ያድራል። የተቆፈረ ጉድጓድ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይገኛል። የተጻፈ ነገር አንዴ ከእጅ ከወጣ ግን የት እንደሚደርስ፣ ደርሶስ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ፈጣሪ ይወቀው።

ይህን የምላችሁ በደርግ ዘመን ቴፒ አጠገብ በነበረ አንድ የመንግሥት የቡና እርሻ ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ስለነበርኩ ነው። ሬዲዮ ስላችሁ ዜና አንባቢ እንዳይመስላችሁ። የእኔዋ በመኪና ባትሪ የምትሠራ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የምታስነጥስ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረች። ስልክ የለም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከሚዛን ተፈሪ የተነሳ የጭነት መኪና እኛ ዘንድ ሲደርስ ሾፌሩን የምንለየው በድምፁ ነበር። ዳኮታዋ አውሮፕላን ደግሞ ደመናው ሲፈቅድላትና ከብቱ ከሜዳው ሲባረርላት ብቅ ትላለች። ስለዚህ ከቡናው በቀር ከእኛ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ነገር ሁሉ የሚያልፈው በእኔ አፍ ነው። የመለዋወጫ ጥያቄ በእኔ አፍ፣ የወባ መድኃኒት አለቀ በእኔ አፍ፣ የአብዮት በዓል በደመቀ ሁኔታ ተከብሮ ዋለ በእኔ አፍ። አንዳንድ ቀን ምላሴም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ዓመታዊ ቆጠራ የሚደረግበት ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ የቡና ወቅት መግቢያ ላይ አዲስ መመሪያ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አስገብቷል። ከእንግዲህ ቡናው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ሁሉ በደረሱበት ሰዓት እየተመዘገቡ በየቀኑ በሬዲዮ ይነገሩ ተባለ። ለማታውቁት፣ የታጠበ ቡና ሥራው ቅብብሎሽ ነው። ለቃሚው ቀይ እሸት ያመጣል፤ እሸቱ መፈልፈያ ማሽን ገብቶ ቅርፊቱ ይገፈፋል፤ ፍሬው በውኃ ቦይ ተንሸራትቶ ወደ ማብላያ ገንዳ ይወርድና ልጋጉ እስኪለቅ እዚያ ይቆያል፤ ከዚያ ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። በየደረጃው አንድ ሰው ቆሞ የዙሩን ቁጥር፣ የራሱን የሠራተኛ ቁጥርና ሰዓቱን ይጽፋል። ወረቀቱ ተሰብስቦ ለእኔ ይመጣል። ጠዋት አነበዋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ ይገለብጠዋል፤ ከእሱ እጅ ተወስዶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል።

ሥራ አስኪያጃችን መመሪያውን በስብሰባ አነበቡልን። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለመፈልፈያው አንድ ሠንጠረዥ፣ ለገንዳው አንድ፣ ለማድረቂያው አንድ፣ ለሠራተኛው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዦቹም በዙር ቁጥርና በሠራተኛ ቁጥር እርስ በርስ ዝምድና አላቸው፤ ዝምድናቸውን ተከትሎ አንዱን ከሌላው ጋር በማስተያየት ኮምፒዩተሩ የትኛው ቡና የት እንደ ዘገየ፣ በማን እጅ እንደ ዘገየ ያውቃል። ዝምድና የሚለው ቃል ሲነበብ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ተያዩ። ዝምድና ያላበላሸው መሥሪያ ቤት አይተው አያውቁማ። እኔን ግን ያስደሰተችኝ ሌላ መስመር ነበረች፤ የሬዲዮ ሠራተኛው የተሰጠውን እንደ ተጻፈ ያነብባል፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያርምም ትላለች። እንዲህ ዓይነት መመሪያ ለደከመው ሰው ስጦታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የመፈልፈያውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች፣ ቀጥሎ የገንዳውን፣ ቀጥሎ የማድረቂያውን፣ አኃዝ በአኃዝ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ አራት እያልኩ እንደ ዳዊት እደግማለሁ። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ የሚለውን ይሰማል ያላችሁ ማነው?

ገንዳውን የሚጠብቀው ሰው ጋሽ ሄራሞ ይባላል። ገና በጉርምስናው ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ከእርሻው ሠፈር ዳር ሙዝና እንሰት ተክሎ የሚኖር ሰው ነበር። አማርኛን በትልቅነቱ ስለ ለመደው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሚስቱን አንተ ይላታል፣ እኛን ወንዶቹን አንቺ ይለናል። ሥራ አስኪያጁን በስብሰባ መካከል “አንቺ ጓድ ሥራ አስኪያጅ” ብሎ ተናግሮ ያልተቆጡት እሱን ብቻ ነው። መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው። በአዲሱ መመሪያ ምክንያት እርሳስ ሲሰጠው በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠላት፤ እሑድ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ አያወልቃትም። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ስለ ሥራው ጻፍ ብሎት አያውቅም። አሁን የጻፈው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ክፍሌ መስኮት ሥር ሲያልፍ ቆም ይልና የገንዳውን ወረቀት እስካነብ ጠብቆ፣ ቁጥሮቹ ሲጠሩለት ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ወቅቱ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አንድ ጠዋት ሪፖርቴን ጨርሼ አበቃ ብል፣ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ አላበቃም አለኝ። ይህ ባልደረባዬ ደምሴ ይባላል። በመልክ አይቼው አላውቅም፤ በድምፅ ግን ጉንፋን ሲይዘው ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ድምፁ የጉንፋን አልነበረም። የሚከተለውን ያዝ ብሎ አስጻፈኝ። ከሰዓት በኋላ የተፈለፈሉ ዙሮች ከመፈልፈያ ወጥተው ገንዳ እስኪገቡ ከሦስት መቶ ስድሳ ደቂቃ በላይ የት እንደ ቆዩ አይታወቅም፤ ጠዋት የተፈለፈሉት ደግሞ ገና ሳይፈለፈሉ ገንዳ ገብተው ተገኝተዋል፤ በአስቸኳይ ይብራራ ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዘው ከቢሮአቸው ወጡና ቦዩን ሄደው አዩት። ቦዩ እንደ ነበረ ነው። በመፈልፈያውና በገንዳው መካከል ያለው ርቀት፣ አንዱ ጋ ቆሞ ያነጠሰን ሰው ሌላው ጋ ያለው ይማርህ የሚለው ያህል ነው። ቡና እዚያ መካከል ለመጥፋት ቢፈልግ እንኳ የሚሸሸግበት ጥግ የለውም። ሳይፈለፈል ገንዳ የገባ ቡና የሚባለውንማ ማሰብም አቃታቸው። ቡናው በቦዩ ውስጥ እንደማይቆም ጠቅሰን መልስ ላክን። የመጣው ምላሽ አጭር ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚናገረው ራሳችሁ የላካችሁትን ነው ይላል። ይህንን ደግሞ ማን ይክደዋል? እኔው ነኝ የላክሁት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን የምላሹ ቅጂ ሚዛን ላሉት የአውራጃው ካድሬ፣ ለጓድ ታምራት ደረሰ። ጓድ ታምራት ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ሰው ይደክመዋል፤ እሳቸው አይደክማቸውም ነበር። በላንድሮቨራቸው መጡና አንድ ቀን ሙሉ አጥንተው ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አገኙለት። የገንዳው ጠባቂ ከሰዓት በኋላ ጥሩውን ቡና ከቦዩ ዞር አድርጎ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ይሰጣል፣ በምትኩ ከጫካ የተለቀመ መናኛ ቡና እስኪመጣለት ይጠብቃል። ጠዋት ደግሞ መናኛው ቡና ቀድሞ ገንዳ ገብቶ ይገኛል። ታዲያ ሌባው የሌብነቱን ሰዓት ለምን በራሱ እጅ ይጽፋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው፣ አንተስ ለምን ጠየቅህ ይባል ነበርና ሰው ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ቤቱ መግባት ለምዶ ነበር።

የኢኮኖሚ አሻጥር የምትባለውን ቃል ታስታውሷታላችሁ። በአንድ ሰው ስም ላይ ከተለጠፈች ጎረቤቱ ሰላምታ ያሳጥራል፤ ልጆቹ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛሉ፣ ማንም አጠገባቸው አይቀመጥምና። ጋሽ ሄራሞን የወሰዱት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጎረቤቶቹ ነበሩ። ቦት ጫማውን አውልቆ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፣ የእርሻው ንብረት ነዋ። ከዚያ በገንዳው ውስጥ ያለው ቡና ከሰዓት በኋላ መታጠብ እንዳለበት ለቀሩት ነገራቸውና በባዶ እግሩ ሄደ። የእስሩ ትእዛዝ የመጣው በሬዲዮ ነው። ማን እንደ ተቀበለው ልንገራችሁ አልልም፣ ሬዲዮዋ አንድ ናት።

ሚስቱ ወይዘሮ ማርታ በየሳምንቱ ቆጮና ጎመን ቋጥራ፣ ቡና ከጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ሚዛን ትወርድ ጀመር። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። መኪናው ሁለት ቦታ ላይ ጭቃ ይዞት ወርደን ገፋን፤ እሷ ከእኛ ከወንዶቹ እኩል ገፋች፤ ቋጠሮዋን ግን ጭቃ አላስነካችም። ሚዛን ስንደርስ ከታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በረንዳ ላይ አውጥተው አገናኙን። ከስቷል። ወባ ይዞት እንደ ነበር ዓይኑ ይናገራል። ስለ ራሱ አላወራም፤ የልጆቹን ጤና፣ የሙዙን ሁኔታ ጠየቃትና ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺ ጌታቸው፣ እኔ ምን አጠፋሁ?” አለኝ።

ሠንጠረዥ፣ ዝምድና፣ ደቂቃ እያልኩ እንደ ሰማሁት ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። እሱ በማዳመጡ እኔ ተሳቀቅሁ፤ የምናገረው ነገር ለራሴም አይገባኝም ነበር።

“ቡናው የት ነበር ይላሉ?”

“አያውቁም፣ ጋሽ ሄራሞ። እሱን ነው የሚጠይቁት።”

“ንገሪያቸዋ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “ገንዳ ውስጥ ነበር።”

ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ግን ይህንን መልስ የሚቀበል ሰው በዚያ ጣቢያ አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳኮታዋ አንዲት ወጣት ሴት ይዛ አረፈች። ወይዘሪት ሰብለ ትባላለች፤ ሠንጠረዦቹን የሠራቻቸው ባለሙያ እሷ ናት። ኮምፒዩተር የተማረችው ቡልጋሪያ ነው። ጋሽ ሄራሞን ልታስፈታ መጣች ብላችሁ እንዳታስቡ። ዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩ አሻጥረኛ አጋለጠ ብሎ በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ሪፖርት አቅርቦ ተጨብጭቦለታል፤ እሷ የተላከችው ስርቆቱ እንዴት እንደሚፈጸም አይታ፣ በሌሎቹ እርሻዎችም እንዲህ ዓይነቱ ሌባ እንዲያዝ እንድታደርግ ነው። ቀጭን ጫማ አድርጋ መጥታ ከአውሮፕላኑ ሜዳ ሳትወጣ አንዱን ጭቃ ስለዋጠባት፣ ከመጋዘን የወንድ ቦት ጫማ አውጥተን ሰጠናት። ሥራ አስኪያጁ እኔን መደቡላት። ቁጥሮቹን የማውቅ እኔ ነኝ ተብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መፈልፈያው ጋ ቆምን። ከትናንት ማታ የተረፈ እሸት ነበርና ማሽኑ ተነሣ። እሷ ከዙሩ ጋር አብራ ተራመደች፤ ፍሬው በቦዩ ሲንሸራተት ጎን ለጎኑ ሄዳ ገንዳው ጋ ስትደርስ ፍሬው ቀድሟት ገብቷል። መሬቱን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ውኃው ውስጥ እጇን ከተተች። ከዚያ የመፈልፈያውን ሰው ወረቀት ተቀበለች፤ የገንዳውን ወረቀት ደግሞ በጋሽ ሄራሞ ቦታ ከተተካው ሰው ተቀበለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ብዙ ቆየች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ወባ የጀመራት መስሎኝ ደነገጥኩ።

“አቶ ጌታቸው፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?” አለችኝ።

“አራት ተኩል ሊሆን ነው።”

ወደ ማሽኑ ቤት ተመለሰችና የመፈልፈያውን ሰው ያንኑ ጠየቀችው። አሥር ተኩል ሊሆን ነው አላት፣ ከማሽኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እኔም እዚያው ገባኝ። ማሽኑን የተከሉት ፈረንጆች ከማሽኑ ጋር አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቅለው፣ በራሳቸው አቆጣጠር ሞልተው፣ ዘይት የሚቀየረውም ማሽኑ የሚቆመውም በዚህ ሰዓት ነው ብለው ሄደዋል። የመፈልፈያው ሰው ያንን እያየ ይጽፋል። ጋሽ ሄራሞ ደግሞ እንደማናችንም ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት በሚለው ሰዓት ይጽፋል። አንዱ አሥር ሰዓት ጠዋት ሲል ሌላው አራት ሰዓት ጠዋት ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ያንኑ ቡና እያዩ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱንም በፈረንጅ ሰዓት ቆጠሯቸው። ስለዚህ ጠዋት ቡናው ሳይፈለፈል ገንዳ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተፈልፍሎ ይጠፋል። ኮምፒዩተሩ በደቂቃ ባይናገርና ስድስት ሰዓት ብሎን ቢሆን ኖሮ፣ የቴፒ ገበያ ሙዝ ሻጮች ሳይቀሩ የት እንደ ጠፋ ይነግሩት ነበር። ሦስት መቶ ስድሳ ደቂቃ ሲባል ግን ሰው ሁሉ ምሁር ይሆንና ማሰብ ያቆማል።

“ሶፊያ ሳለሁ ከቤት ደብዳቤ በመጣልኝ ቁጥር ሰዓት ስቀይር ነው የኖርኩት” አለች፤ ለእኔም ለራሷም አልነበረም የምትናገረው። “ስንት ዓመት። ሠንጠረዡን ስሠራ ግን ትዝ አላለኝም።”

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጓድ ታምራት ከሚዛን መጡ። የሬዲዮ ክፍሌንና የሥራ አስኪያጁን ቢሮ የሚለየው ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ አልሰማሁም ብል አታምኑኝም። እሷ አስረዳች። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሳትቸኩል፣ ስህተቱ የእኔ ነው አለች። ጓድ ታምራት ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሰነፍ አልነበሩም። ያስቸገራቸው ሌላ ነው። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ ተጨብጭቦለታል፣ አሻጥረኛው ተይዟል ተብሏል። አሁን ወደዚያ ጉባኤ ተመልሶ ጭብጨባውን መልሱልን የሚል ማነው? ሰውየው በሌላ ነገር ጥፋተኛ አለመሆኑንስ በምን እናውቃለን አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ታላቅ ወንድም መከሯት።

“ገና ልጅ ነሽ። ይህንን በስምሽ ጽፈሽ አትላኪ።”

“በስሜ ነው የሠራሁት” አለች።

እንግዲያው በሬዲዮ አይተላለፍም አሉ። ከዕለታዊው የእርሻ ሪፖርት በቀር በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ፈቃድ ውጭ አንድም መልእክት እንዳይወጣ ሥራ አስኪያጁን አዘዟቸው። ሥራ አስኪያጁ እሺ አሉ። እሺ ማለት ይችሉበት ነበር፤ በዚያ ዘመን ያን ያህል ጊዜ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይችላል?

ላንድሮቨሩ ከሄደ በኋላ ወይዘሪት ሰብለ ወደ ክፍሌ ገባችና ዕለታዊው ሪፖርት ውስጥ ምን ምን እንደሚካተት ጠየቀችኝ። የመፈልፈያው፣ የገንዳውና የማድረቂያው ምዝገባ አልኳት። የተሳሳተ ምዝገባ ሲገኝስ አለችኝ። እኔ አላርምም፣ በባለሙያ ታርሞ ሲመጣልኝ ግን እንደገና አነበዋለሁ አልኩ፤ ራሷ ባወጣችው መመሪያ ላይ ተጽፏል። እንግዲያው እንደገና እናንብበው አለች።

ለካ የምትለው ከወቅቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያለውን የገንዳ ምዝገባ በሙሉ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቶቹን ከሣጥን አወጣን። እሷ በጋሽ ሄራሞ ወፍራም ጽሕፈት የተጻፈውን እያየች ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ትለውጣለች፣ እኔ አነብባለሁ፣ ደምሴ ወዲያ ማዶ ይገለብጣል። ስለ እስረኛ አንድም ቃል የለም። ስለ አሻጥር አንድም ቃል የለም። ዙር፣ ገንዳ፣ ሠራተኛ፣ ሰዓት ብቻ። እኩለ ቀን ላይ ዝናብ መጥቶ ሬዲዮዋ ማስነጠስ ጀመረች፤ ቆመን ጠበቅን። ባትሪው ሲደክም ሥራ አስኪያጁ የራሳቸውን መኪና ባትሪ አስፈትተው በሾፌራቸው እጅ ላኩልን። ራሳቸው አልመጡም፣ ምንም ብለውም አላስነገሩም። ቢሮአቸው ተቀምጠው ደብዳቤ እየፈረሙ ነበር፤ በኮምፔንሳቶው በኩል የማኅተማቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እኔ ድምፄ ተዘጋ። ወይዘሪት ሰብለ ራሷ ማይክራፎኑን ይዛ ታነብብ ጀመር። ደምሴ አንድም ጊዜ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ወደ መጨረሻው ግን “ይህቺ ሠራተኛ ቁጥር ያቺው ናት አይደል?” አለን። አዎን አልነው። መጻፉን ቀጠለ፤ አንድም ዙር ሳያስደግመን ጨረሰ።

እሷ በዳኮታዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁርጥራጭ ነው የሰማነው። የታረመው ምዝገባ ሠንጠረዦቹ ውስጥ ሲገባ፣ ጠፉ የተባሉት ዙሮች ሁሉ በየገንዳቸው ተገኙ። ኮምፒዩተሩ አሻጥረኛ አምጣ ሲባል ባዶ ገጽ አወጣ። ባዶው ገጽ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰነበተ፤ ማንም ሊፈርምበት አልወደደም። ወይዘሪት ሰብለን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት ተባለ። ደምሴ ነው የነገረኝ፤ አዛወሯት ሲል ድምፁ የጉንፋን ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሰማሁት የለም።

ጋሽ ሄራሞ ግን አልተፈታም። የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ መጣ፤ ለቀማው አለቀ፤ ማሽኑ ተቀብቶ ተሸፈነ። ወይዘሮ ማርታ ቋጠሮዋን ይዛ መመላለሷን አላቋረጠችም። ትልቋ ልጃቸው ትምህርቷን ትታ ጓሮውን ያዘች። ወባው ሁለት ጊዜ ተመልሶበት አንደኛው ሊወስደው ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮዬን ከፍቼ፣ ዛሬ ምንም አልተፈለፈለም፣ ዛሬ ገንዳ የገባ ቡና የለም እያልኩ ሪፖርት አደርጋለሁ። የሌለ ነገርም ሪፖርት ይደረጋል፣ እንዲያውም እሱ ይበልጥ ያደክማል።

የበልጉ ዝናብ ከጀመረ ወዲያ አንድ ቀን ትእዛዙ መጣ። የሠራተኞችን ቀን ምክንያት በማድረግ፣ በኢኮኖሚ አሻጥር ተይዞ የነበረው የገንዳ ሠራተኛ በምሕረት እንዲፈታና ወደ ሥራው እንዲመለስ ይላል። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ስህተት ስለ ነበረ የሚል ነገር የለውም። ንጹሕ ነው የሚል ነገር የለውም። በምሕረት ነው።

ጋሽ ሄራሞ ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሁለቱ አብዮት ጠባቂ ጎረቤቶቹ ቀድመው ሄደው ቋጠሮውን ተቀበሉት፤ እሱም ሰጣቸው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራ፤ የምሕረቱን ወረቀት ተቀብያለሁ ብሎ መፈረም ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ እያንዳንዷን ቃል እየጎተቱ አነበቡለት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

“ምሕረት ይቅርታ ነው?” ሲል ጠየቀ።

ነው አሉት።

“ይቅር ያለው ማነው?”

“መንግሥት ነዋ፣ ሄራሞ” አሉት፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ብዙ ጊዜ አየው። የሚፈርም አልመሰለኝም። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አሰብኩና ማሰቡ ራሱ ስለ ከበደኝ ተውኩት። በኋላ ብዕሩን አንሥቶ ስሙን በዚያ በወፍራም ጽሕፈቱ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቺ ጌታቸው፣ በሬዲዮ ስትናገሪ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ በይልኝ።”

ሥራ አስኪያጁን አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን ያዩ ነበር። አትበል አላሉኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮዬን ከፈትኩ። መፈልፈያ፣ ምንም የለም። ገንዳ፣ ምንም የለም። ማድረቂያ፣ ምንም የለም። ከዚያ የጋሽ ሄራሞን የሠራተኛ ቁጥር ጠራሁና፣ ይህ ሠራተኛ በበኩሉ ይቅር ብሏል አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ልደግመው ስል ደምሴ ተናገረ።

“ተቀብያለሁ” አለ። “በየትኛው ሠንጠረዥ ላስገባው?”

እስቲ ቦታ ፈልግለት አልኩት። እስካሁን እየፈለገ ይሆናል።